የ103 ዓመት ዕድሜ፤ ወታደርም የሥነ ልቡና ሊቅም ስለ ነበሩት ስለ ዶክተር ኦሊቪያ ሁከር



በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ከተደረደሩት ፋይሎች አንዱን ሳብ አድርጎ የከፈተ ሰው፥ ስለማያውቀው ሰው የተጻፈ አንድ ወይም ሁለት መስመር ማግኘቱ አይቀርም። «ለሥራው አይበቃም»፥ «አእምሮው ደካማ ነው»፥ «ጉዳዩ ታይቶ ተዘግቷል» የሚል ሊሆን ይችላል። ይህን የጻፈው ሹም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ይሆናል፤ ምናልባትም በሕይወት የለም። ጽሑፉ ግን በፋይሉ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ባለ ጉዳዩም በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። በዛሬው ንግግራችን የምናነሣቸው ሴት ከረጅሙ ዕድሜያቸው ብዙውን ያሳለፉት እንደዚህ ያለውን ጽሑፍ እንደገና እየከፈቱ፥ የተጻፈበትን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው በመመርመር ነው።

ስማቸው ዶክተር ኦሊቪያ ሁከር ይባላል። የተወለዱት በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ግዛት፥ መስኮጊ በምትባል ከተማ፥ የካቲት 5 ቀን 1907 ዓ.ም. ሲሆን፥ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1915 መሆኑ ነው። ያረፉትም ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2018 ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደ ሆኑ አድማጮች ይረዱልን። ደግሞም በሕፃንነታቸው ወራት የደረሰውን ስንተርክ «እሷ» ማለታችን ለትረካው እንዲመች እንጂ ከአክብሮት ጉድለት አይደለም።

የኦሊቪያ አባት ሳሙኤል ሁከር ነጋዴ ነበሩ። በቱልሳ ከተማ፥ ግሪንውድ በሚባለው የጥቁሮች ሠፈር የልብስ መደብር ነበራቸው። ስለዚህ ሠፈር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በቱልሳ አካባቢ ብዙ ዘይት ከመሬት በመገኘቱ ከተማዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በለጸገች። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግና ልማድ ግን ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ የሚያኖር ስለ ነበረ፥ ጥቁሮቹ ከነጮቹ ሱቅና ሆቴል ሲከለከሉ የራሳቸውን አቆሙ። በነጮቹ ቤትና መሥሪያ ቤት ሠርተው ያገኙት ገንዘብ በግሪንውድ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሆቴል፥ ሲኒማ ቤት፥ ጋዜጣ፥ የሐኪምና የጠበቃ ቢሮ፥ ቤተ ክርስቲያንም አስገኘ። በኒውዮርክ ያለውን የገንዘብ ገበያ መንገድ በማስታወስ ሰዎች «የጥቁሮች ዎል ስትሪት» ብለው ጠሩት። በመለየት የተፈረደበት ሰው መለየቱን ራሱን መተዳደሪያ ሲያደርገው ከሳሹ ደስ አይለውም፤ ለኋላው ጥፋት አንዱ ምክንያት ይህ ቅናት እንደ ነበረ ብዙዎች ጽፈዋል።

ነገሩ የተነሣው በ1921 በሜይ ወር መጨረሻ ነው። ዘመኑ በእኛ አገር የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ነበር። ዲክ ሮውላንድ የሚባል ጫማ በመጥረግ የሚተዳደር ጥቁር ጎረምሳ በአንድ ፎቅ ቤት አሳንሰር ውስጥ ገባ፤ አሳንሰሩን የምታንቀሳቅሰው ነጭ ልጃገረድ ጮኸች፤ እሱም ሮጠ። በአሳንሰሩ ውስጥ የሆነው ምን እንደ ነበረ በትክክል አልተረጋገጠም፤ በኋላም ክሱ ቀርቷል። ነገር ግን በማግሥቱ ልጁ ታስሮ ሳለ አንድ የከተማው ጋዜጣ ወሬውን አጋንኖ ስላወጣው፥ ያለ ፍርድ ሊሰቅለው የፈለገ ሕዝብ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተሰበሰበ። ልጁን ከዚህ ለማዳን የጦር መሣሪያ የያዙ ጥቁሮች መጡ፤ ከመካከላቸውም ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ። ጥይት ተተኮሰ። ሌሊቱን ተኩሱ ሲካሄድ አድሮ፥ ጁን 1 ቀን ሲነጋ ብዙ ሺህ ሰው ወደ ግሪንውድ ገባ። የከተማው ፖሊስ ከዚያ ሕዝብ መካከል ብዙዎቹን ለጊዜው ረዳት ብሎ ሾሟቸው እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል፤ ማለት ከአጥፊዎቹ አንዳንዶቹ በመንግሥት ሥልጣን ስም ነው የገቡት።

ኦሊቪያ በዚያ ጧት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በቤቱ ጣራና ግድግዳ ላይ የሚወርደውን ድምፅ በረዶ መስሏት ነበር። እናቷ ወደ መስኮቱ አቅርበው በቅርብ ካለው ኮረብታ ላይ የተተከለውን መትረየስ አሳዩአት። ከመትረየሱ በላይ የአሜሪካ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። ቤታቸውን የሚመታው ጥይት መሆኑን፥ የሚተኩስባትም የገዛ አገሯ እንደ ሆነ ነገሯት። ትልቅ ሴት ከሆኑ በኋላ ይህን ሲተርኩ፥ ከጥይቱ ይልቅ ያስደነገጣቸው ይህ ነገር እንደ ነበረ ገልጸዋል፤ በትምህርት ቤት ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ዜጋ መብት የተማሩትን ሁሉ አምነው ነበርና።

ችቦ የያዙ ሰዎች በጓሮ በኩል ሲመጡ እናትየዋ ልጆቹን ከምግብ ጠረጴዛው ሥር አስገብተው የጠረጴዛውን ልብስ ወደ ታች ዘረጉት፤ ቃል እንዳይናገሩም አዘዟቸው። ልጆቹ ከዚያ ሆነው የሰሙት የመጥረቢያ ድምፅ ነው። የእኅታቸው ፒያኖ ተፈለጠ። በግራሞፎን የሚሰሙት የኢጣሊያዊው ዘፋኝ የካሩሶ ሸክላዎች አንድ በአንድ ተሰባበሩ። ግን በኦሊቪያ ልብ ከሁሉ ይልቅ የቀረው ሌላ ነው። አያቷ ለአሻንጉሊቷ ልብስ ሰፍተውላት ነበር፤ ልብሱም ታጥቦ በውጭ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ሰዎቹ እሱን አቃጠሉት። ጥቁር መልክ ያላት አሻንጉሊት በዚያን ጊዜ በቀላሉ የማትገኝ ስለ ነበረች ለሕፃኗ እጅግ ውድ ነበረች። ለአንድ አሻንጉሊት ልብስ እሳት የሚለኩስ ሰው ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ያስቸግራል፤ እነዚያ ሰዎች የመጡት ለዝርፊያ ብቻ እንዳልነበረ ግን ከዚህ ይታወቃል።

የአባቷ መደብር ጠፋ። በፍርስራሹ መካከል የቀረው አንድ ትልቅ የገንዘብ ካዝና ብቻ ነበር፤ እሱም የቀረው ከባድነቱ ለመሸከም ስላላስቻለ ነው። በጠቅላላው 35 ያህል የመኖሪያና የንግድ ሠፈር ክፍሎች ተቃጠሉ፤ ከ1,000 በላይ ቤቶች ወደ አመድነት ተለወጡ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮች ተይዘው በተከለለ ቦታ ታጎሩ። በ2001 የወጣው የመርማሪ ኮሚሲዮን ሪፖርት የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ከ100 እስከ 300 ድረስ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች «በሁከት ለደረሰ ጥፋት አንከፍልም» የሚለውን የውል ቃል ጠቅሰው ለብዙዎቹ ካሣ ሳይከፍሉ ቀሩ። ከዚያም ዝምታ ሆነ። ነገሩ ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤት መጽሐፍ አልተጻፈም፤ በከተማው ውስጥ ተወልደው ያደጉ ሰዎች እንኳ ሳይሰሙት የጎለመሱ አሉ።

ሕፃኗ ለረጅም ጊዜ ሌሊት ሌሊት በቅዠት ትጮህ ነበር። ዛሬ በሥነ ልቡና ትምህርት ይህ ዓይነቱ ሁኔታ የታወቀ ስምና የታወቀ እርዳታ አለው። በዚያን ጊዜ ግን የነበረው መድኃኒት የወላጆቿ ጠባይ ብቻ ነው። ባለፈው ነገር ተቆራምዶ መኖር እንደማይገባ፥ ወደፊት የሚሠራውን ማሰብ እንደሚበልጥ ዘወትር ይመክሯት ነበር። ቤተሰቡም ቱልሳን ለቆ ወደ ካንሳስ ግዛት ወደ ቶፒካ፥ በኋላም ወደ ኦሃዮ ግዛት ወደ ኮሎምበስ ከተማ ሄደ።

ኦሊቪያ በ1937 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀብለው በኮሎምበስ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ሆኑ። እንግዲህ ከዚህ ጀምሮ «አንቱ» እንላቸዋለን።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሴቶችን ለጽሕፈትና ለመሳሰለው ሥራ መቀበል ጀመረ። ጥቁር ሴቶች ግን እስከ 1944 መጨረሻ ድረስ አይፈቀድላቸውም ነበር። ኦሊቪያም ፈቃዱ እንዲሰጥ ከተከራከሩት ሴቶች አንዷ ነበሩ። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ሲያመለክቱ «በጉዳይሽ ላይ አንድ እንቅፋት አለ» የሚል መልስ ደረሳቸው። እንቅፋቱ ምን እንደ ሆነ አልተነገራቸውም። ማመልከቻ ለማየት በጠረጴዛ ፊት የምንቀመጥ ሁሉ ይህን ዓይነት መልስ እናውቀዋለን፤ ምክንያት የሌለው እምቢታ ሲጻፍ የሚጻፈው እንዲሁ ነው። እሳቸው ግን ዝም አላሉም፤ ደጋግመው ጠየቁ፤ በመጨረሻም ባሕር ኃይሉ መቀበሉን አስታወቀ። ዳሩ ግን በዚህ መካከል ወደ ባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል ሄደው በደስታ የተቀበላቸው መልማይ አግኝተው ስለ ነበረ፥ ወደዚያው ገቡ።

የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል የሴቶች ክፍል «ስፓርስ» ይባል ነበር። ስሙ የተወሰደው ከኃይሉ የላቲን መፈክርና ከእንግሊዝኛው ትርጉም የመጀመሪያ ፊደላት ነው፤ ትርጉሙም «ዘወትር ዝግጁ» ማለት ነው። ክፍሉ የተቋቋመው በ1942 ሲሆን፥ ወደ እሱ ከገቡት ከ10,000 በላይ ሴቶች መካከል ጥቁሮቹ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኦሊቪያ ሁከር በፌብሩዋሪ 1945 ተመዝግበው በማርች ወር በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ወደሚገኘው የማንሃታን ቢች ማሠልጠኛ ተላኩ። ከስድስት ሳምንት የወታደርነት ትምህርት በኋላ ተጨማሪ ዘጠኝ ሳምንት የጽሕፈት ሥራ ተምረው ወደ ቦስተን ተመደቡ።

በቦስተን የሠሩት ሥራ በጋዜጣ አርዕስት የሚወጣ አይደለም። ጦርነቱ ሲያልቅ ከባሕር የሚመለሱት ወታደሮች የስንብት ወረቀት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ኦሊቪያም በጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጠው ይህን ወረቀት ያዘጋጁ ነበር። የስንብት ወረቀት ቀላል ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የሰውየው ስም አንድ ፊደል ቢሳሳት፥ የአገልግሎቱ ቀን ቢጎድል፥ ወይም የጠባዩ ምስክርነት ሳይሞላ ቢቀር፥ ያ ሰው በመንግሥት ሕግ ከተፈቀደለት ጥቅም ሊታገድ ይችላል። ጠመንጃ ያልተኮሰ ወታደር ወታደር አይደለም የሚል ሰው፥ በወሩ መጨረሻ ደመወዙ በአንድ ጸሐፊ ስሕተት ቢዘገይበት ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። ክፍሉ በጁን 1946 ሲበተን፥ ኦሊቪያ የሁለተኛ ደረጃ መለስተኛ ሹም ማዕረግና የመልካም ጠባይ ሜዳይ ተቀብለው ተሰናበቱ።

ከላይ የጠቀስነው የመንግሥት ጥቅም ምንድር ነው? ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጁን 1944 በፈረሙት ሕግ መሠረት፥ ከጦርነት የተመለሰ ሰው የትምህርት ክፍያና የመተዳደሪያ ገንዘብ፥ ቤት ለመሥራት የሚሆን ብድር፥ ሥራ እስኪያገኝም ድጎማ እንዲሰጠው ተወስኖ ነበር። ሕጉ በቃሉ ጥቁርና ነጭ አይለይም። ነገር ግን አፈጻጸሙ ለየአገሩ መሥሪያ ቤትና ለየባንኩ ስለ ተተወ፥ በተለይ በደቡብ ግዛቶች ብዙ ጥቁር ወታደሮች ሕጉ የሰጣቸውን የመስኮቱ ሹም ነፍጓቸዋል። ኦሊቪያ ከታደሉት ወገን ነበሩ፤ በዚህ ሕግ እርዳታ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1947 በሥነ ልቡና አገልግሎት የማስተር ዲግሪ ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ በኒውዮርክ ግዛት በአልቢየን ባለው የሴቶች ወኅኒ ቤት ሠሩ። እዚያ ከታሰሩት ሴቶች ብዙዎቹ በፋይላቸው ላይ «አእምሮ ደካማ» ተብለው የተጻፈባቸው ነበሩ። የንግግራችን ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት እናብራራው።

የአእምሮ ችሎታ መለኪያ የተባለውን ፈተና በ1905 ያወጡት አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን የሚባሉ ፈረንሳውያን ናቸው። የቢኔ አሳብ መልካም ነበር፤ በፓሪስ ትምህርት ቤቶች ከጓደኞቻቸው ኋላ የቀሩትን ልጆች ለይቶ ልዩ እርዳታ ለመስጠት ነው። ውጤቱ የልጁ የዘለዓለም ልክ ነው ማለት እንደማይገባም ራሳቸው ቢኔ አስጠንቅቀው ነበር። ፈተናው ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ግን የእርዳታ መጀመሪያ መሆኑ ቀርቶ ለብዙ ሰዎች የፍርድ መደምደሚያ ሆነ። ጥያቄዎቹ በቋንቋና በትምህርት ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፥ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው የሚያገኘው ዝቅተኛ ቁጥር የሚያሳየው የአእምሮውን መድከም ይሁን የትምህርቱን ማነስ አይታወቅም። ለምሳሌ ሰማንያ ከብት ከመልካቸው ብቻ ለይቶ የሚያውቅ፥ አንዷ ብትጎድል ሳይቆጥር የሚነቃ የባላገር እረኛ ብንወስድና ስለ ትራምና ስለ ቴአትር ቤት ብንጠይቀው፥ በወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር የሚናገረው ስለ እረኛው ነው ወይስ ስለ ጠያቂው?

ኦሊቪያ ሁከር በአልቢየን ያደረጉት ነገር ይህን ጥያቄ ማንሣት ነው። ሴቶቹን እንደገና መረመሩ፤ ከመካከላቸውም የተጻፈባቸው ቃል የማይገባቸው ብዙዎች መሆናቸውን አገኙ። ትምህርት እንዲቀጥሉና ለተሻለ ሥራ እንዲበቁ ረዷቸው። አገራቸው በስድስት ዓመታቸው መዝና ቀላል ያደረገቻቸው ሴት፥ የሌላውን ሰው ሚዛን ሳያዩ ለመቀበል እንዳልወደዱ መገመት አያስቸግርም። ይህን እኛ ገመትን እንጂ እሳቸው አላሉም።

በ1961 ከሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካዊ ሥነ ልቡና የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ዳውን ሲንድሮም ስላለባቸው ሕፃናት የመማር ችሎታ ነው። ይህን ሁኔታ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን በ1866 ጽፈውት ነበር፤ ምክንያቱ ግን እስከ 1959 ድረስ አልታወቀም። በዚያን ዓመት ከፈረንሳይ የወጣው ጥናት፥ እነዚህ ሕፃናት በእያንዳንዱ የሰውነታቸው ሕዋስ ውስጥ ከሌላው ሰው 46 ክሮሞዞም በላይ አንድ ትርፍ እንዳላቸው አስታወቀ። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች እናት የሚሰጡት ምክር፥ ልጁን ለአሳዳጊ ተቋም ሰጥታ እንድትረሳው ነበር። ልጁ ምን ያህል ሊማር ይችላል ብሎ መመርመር እንደ ከንቱ ድካም ሲቆጠር፥ ዶክተር ሁከር የመረመሩት ይህንኑ ነው። ዛሬ እነዚህ ሕፃናት በብዙ አገሮች ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ከፍ ሲሉም ሥራ የሚሠሩ አሉ።

ከ1963 ጀምሮ እስከ 1985 ድረስ በኒውዮርክ በፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በዚሁ ዘመን ከ1963 እስከ 1983 በኬኔዲ የሕፃናት ጥናት ማዕከል፥ መማር የሚያዳግታቸውን ልጆች እየመረመሩ ይረዱ ነበር። በአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማኅበርም ውስጥ ስለ አእምሮ እድገት ችግር የሚያጠናውን 33ኛውን ክፍል ካቋቋሙት መካከል ናቸው። ሥራ ያቆሙት በ87 ዓመታቸው ነው። በዕድሜ ጣሪያ ምክንያት ጡረታ የወጣን ሰዎች ይህን ስንሰማ በጥቂቱ ሳንቀና አንቀርም።

የቱልሳው ነገር ግን አልተዘጋም ነበር። የኦክላሆማ ግዛት በ1997 ኮሚሲዮን አቋቁሞ ጉዳዩን አስመረመረ፤ በ2001 የወጣውም ሪፖርት ከጥፋቱ ለተረፉት ሰዎች ካሣ እንዲከፈል አሳብ አቀረበ። የግዛቱ ምክር ቤት ካሣውን ሳይፈቅድ ቀርቶ ለተረፉት ሜዳይ እንዲሰጥ አደረገ። በ2003 ዶክተር ሁከርና ሌሎች በሕይወት የነበሩ ሰዎች በግዛቱና በከተማው ላይ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን በይርጋ ዘጋው፤ ማለት ክሱ መቅረብ የነበረበት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው አለ። ይርጋ በየትኛውም አገር ሕግ ያለና የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ ክርክር ማለቂያ እንዲኖረው ያደርጋልና። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ዓመታት ያለፉት በ1923 ነው። ያን ጊዜ ለከሳሾቹ ፍርድ የሚሰጥ የቱልሳ ዳኛ ማን ነበር? ጠበቆቻቸው የተከራከሩት በዚህ ነው፤ አልተሳካላቸውም። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ዶክተር ሁከር በዚያ ዓመት 90 ዓመታቸው ነበር። በ2007 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው እንደገና መሰከሩ፤ ካሣውን ሳያዩ አረፉ።

የሽምግልናቸው ዘመን በነገር ብቻ አላለፈም። በ95 ዓመታቸው በዮንከርስ ከተማ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል በጎ ፈቃደኞች ረዳት ክፍል አባል ሆኑ። በ2015፥ መቶ ዓመት በሞላቸው ጊዜ፥ በስቴተን አይላንድ ያለው የኃይሉ የምግብ አዳራሽ በስማቸው ተሰየመ፤ በዚሁ ዓመት በሜይ 20 ቀን ፕሬዚዳንት ኦባማ በባሕር ጠረፍ ጥበቃ አካዳሚ ለሚመረቁት መኰንኖች ንግግር ሲያደርጉ ታሪካቸውን አነሡ። እሳቸውም በዚያ ተገኝተው ነበር። በኒውዮርክ ግዛት በዋይት ፕሌንስ በመኖሪያቸው ካረፉ በኋላም፥ ርዝመቱ 47 ሜትር የሚያህል አንድ ፈጣን የጠረፍ ጠባቂ መርከብ «ኦሊቪያ ሁከር» ተብሎ ተሰይሟል።